ከቦኖው አጠገብ የቆመ የዝናብ ሰሌዳ፤ ከግንቦት እስከ ጳጉሜን የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 11

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ሠርቶ መትከል ነው፤ ሁለተኛው የተለካውን መጠን ከአጭር ማብራሪያ ጋር በየሳምንቱ ጽፎ በሰፈራችን ቦኖ አጠገብ በሚቆም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። ቦኖውን የመረጥሁት ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ተራ ሲጠብቅ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ስለሚቆምና በዚያ ጊዜ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ስለሌለው ነው። የቦኖው ኮሚቴ ሰሌዳው መተላለፊያ እስካልዘጋ ድረስ እንደማይቃወም በቃል ነግሮኛል።

ቤት ውስጥ ያሉኝ መሣሪያዎች ሴጌቶ፣ ውሃ ልክ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ግማሽ ቱቦ ሲሊኮን ናቸው፤ ሲሊኮኑ ግን ደርቆ ኖሯል።

ግንቦት 14

የመጀመሪያውን መለኪያ ከባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሠራሁ። ከትከሻው ዝቅ ብዬ በሴጌቶ ከቆረጥሁ በኋላ አንገቱን ገልብጬ በአፉ ላይ ሰካሁት፤ በጎኑም የተማሪ ማስመሪያ በፕላስተር አጣበቅሁ። የሃይላንድ ታች አበጥና ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እዚያ የሚጠራቀመው ውሃ ከፍታ ከዝናቡ ከፍታ ጋር እኩል አይሆንም። ስለዚህ ጠጠር ጨምሬ ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ድረስ ውሃ ሞላሁና ያንን መስመር ዜሮ አልሁት። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ግንቦት 18

ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ከዋለ በኋላ ሳየው የዜሮው ውሃ በትነት 4 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ዛሬ ማታ 3 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ መለኪያዬ የሚመሰክረው ጭራሽ እንዳልዘነበ ነው። በዚያ ላይ ፕላስተሩ በፀሐይ ተላጠ፤ ጠርሙሱንም የከሰዓት በኋላው ነፋስ ጣለው። ሃይላንዱን ለቃሪያ ችግኝ ማፍያ አዋልሁት።

ግንቦት 24

ሁለተኛው ሙከራ ውሃውን በከፍታ ሳይሆን በይዘት የሚለካ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ሜዳ ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ የመቀበያው አፍ ስፋት ከታወቀ የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሊትር ለክቶ ወደ ሚሊ ሜትር መመለስ ይቻላል። ከገበያ ላምባ የሚቀዳበት ትልቅ ኢምቡቶ በ150 ብር፣ ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በ30 ብር ገዛሁ። የኢምቡቶውን አፍ ስለካው 16 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስፋቱ 201 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይሰጣል፤ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ አንድ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። እንዲህ የገጠመ ቁጥር ሲገኝ ሌላ ኢምቡቶ ማማረጥ አያስፈልግም ብዬ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ቀለም ቀቢ የሆነ ጎረቤቴ ባዶ ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ በነፃ ሰጠኝ። ውሃው የሚጠራቀምበት ሌላ ጠርሙስ ከጣሳው ውስጥ ይቆማል፤ ኢምቡቶው በጣሳው አፍ ላይ ተቀምጦ ጭራው ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ጣሳው ፀሐይ ስለሚከልልና የኢምቡቶው ጭራ ጠባብ ስለሆነ ትነቱ ብዙም አያሳስብም። ጠርሙሱ 2 ሊትር ስለሚይዝ በአንድ ቀን 100 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢወርድ አይፈስም።

ሰኔ 1

ቦታ መምረጥ ከመለኪያው ሥራ ይልቅ አስቸገረኝ። መለኪያው ከግንብ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ሊርቅ ይገባዋል፤ ርቀቱ ቢያንስ የከለላው ቁመት ከመለኪያው አፍ በላይ በሚበልጥበት መጠን እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። የአጥሬ ግንብ 2 ሜትር ስለሆነ ከእርሱ 4 ሜትር መራቅ ችያለሁ። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ግን ወደ 12 ሜትር ይቆማል፤ ከእርሱ 24 ሜትር ልራቅ ካልሁ መለኪያው ከአስፋልቱ ማዶ ሊተከል ነው። በመጨረሻ በጎመን መደቡና በሽንት ቤቱ መካከል አስቀመጥሁትና የዛፉን ነገር በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍሁ። ጉድለቱን ማስወገድ ካልተቻለ ቢያንስ ተጽፎ ይገኝ።

የንባብ ሰዓቱ በሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች እንደሚደረገው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የሌሊቱ ዝናብ በዚያ ሰዓት ስለሚነበብ የትላንት እንጂ የዛሬ ተብሎ አይመዘገብም።

ሰኔ 6

የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ትላንት ከሰዓት በኋላ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ከጠርሙሱ የቀዳሁት ውሃ ቀለሙ የሻይ ዓይነት ነበር። መለኪያውን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጌ ስላስቀመጥሁት ከጎመን መደቡ የተፈናጠረው ጭቃ ወደ ኢምቡቶው ገብቷል። ከዝናቡ የቱ ከሰማይ፣ የቱ ከመሬት እንደመጣ መለየት ስለማይቻል ንባቡን ሰረዝሁት። አንድ አጣና በ250 ብር ገዝቼ ግማሽ ሜትር ቀበርሁና አፉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ እንዲል ጣሳውን በላዩ ላይ በሽቦ ጠፈርሁት። በውሃ ልክ ማስተካከሉ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ጣሳው ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል።

ሰኔ 9

ሰሌዳው ቆመ። ወጪው፦ ግማሽ ገበታ ኮምፔንሳቶ 1,900 ብር፣ ሁለት አጣና 500 ብር፣ ሚስማር 80 ብር፣ ነጭ የዘይት ቀለም 350 ብር፤ በድምሩ 2,830 ብር። የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ውሃ ከጠጣ ስለሚገለባበጥ ጠርዙን ሦስት ጊዜ በፔኔሎ ቀባሁት፤ ከፊቱ ይልቅ ለጠርዙ ብዙ ቀለም ሄደ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ቤት ባለው ፕሪንተር ያተምሁት ስለነበር ቀለሙ በካፊያ ታጥቦ ሰማያዊ ጅረት ሆኖ ወርዷል። ዛሬ ያንኑ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ላሚኔት አስደረግሁት፤ የፎቶ ኮፒ ቀለም ዱቄቱ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚቀልጥ በውሃ አይሄድም። ላሚኔቱ በገጽ 40 ብር ነው። በሚስማር ስመታው ደግሞ በቀዳዳው በኩል ውሃ ገብቶ ወረቀቱን አሳበጠው። ስለዚህ አራት ቀጫጭን ጣውላዎች እንደ ፍሬም አድርጌ ወረቀቱን በጠርዙ ብቻ እንዲይዙት አደረግሁ።

ሰኔ 16

የሳምንቱን ድምር «22 ሚ.ሊ.» ብዬ ጽፌ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የምትመስል ልጅ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ አንብባ ጠበቀችኝና፣ «ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ የዘነበው 22 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው? ይኼ እኮ የቡና ሲኒ አይሞላም» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ «ሚ.ሜ.» ማለት ሲገባኝ «ሚ.ሊ.» ብያለሁ። ያሳፈረኝ የፊደሉ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳው በቆመ በሰባት ቀን ውስጥ ብዙ ሰው አንብቦት ቁጥሩ እንግዳ የሆነባት እርሷ ብቻ መሆኗ ነው። ለቀሩት 22 ሚሊ ሊትርም 22 ሚሊ ሜትርም አንድ ነው፤ ሁለቱም ትርጉም የላቸውም። ከእንግዲህ አሕጽሮት አልጠቀምም።

ሰኔ 23

ቁጥሩን በጀሪካን መጻፍ ጀመርሁ። የሰፈራችን ቤቶች ጣሪያ በአማካይ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በቆርቆሮው ላይ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያወርዳል። ጽሑፉ እንዲህ ወጣ፦ «በዚህ ሳምንት በእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ላይ 36 ጀሪካን ውሃ ወርዷል።» ይህ 18 ሚሊ ሜትር ነው። በሰልፉ ላይ ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ውሃ ከራሱ ጣሪያ እንዳፈሰሰው ሲነገረው ዝም አይልም።

ከሁለት ቀን በኋላ አሸንዳና በርሜል ያላቸው አንድ ሰው አስቆሙኝ። «ወንድሜ፣ የጻፍኸው ለእኔ አልደረሰኝም፤ አሸንዳዬ ያን ያህል አልሰጠኝም» አሉኝ። በቀልድ የተናገሩት ቢሆንም ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ ስላልሆነ በርሜላቸውን ባዶ አድርገው ቀጣዩን ዝናብ አብረን እንድንለካ ተስማማን።

ሰኔ 27

ዝናቡ 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። በስሌቱ መሠረት ከ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 140 ሊትር መገኘት ነበረበት፤ በጀሪካን እየቀዳን ስንቆጥር ከበርሜሉ 118 ሊትር አገኘን። ከመቶ 84 መሆኑ ነው። የቀረው ቆርቆሮውን በማርጠብ፣ በመፈናጠርና በአሸንዳው መገጣጠሚያ በኩል ጠፍቷል። ሰውየው አስተውለው ያሳዩኝ ሌላም ነገር አለ፦ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በፍጥነት ስለሚመጣ በአሸንዳው ላይ ዘልሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ኪሳራው በዝናቡ ዓይነት ይለያያል። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው ላይ «ጣሪያው ላይ የወረደ» እና «በርሜል ሊደርስ የሚችል» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ስምንት ዐሥረኛ ነው።

ሐምሌ 1

የክረምት ዝናብ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ሌሊት ፈጀሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ኢንተር ትሮፒካል ኮንቨርጀንስ ዞን» በሚል ሐረግ ይጀምር ነበር። ባለቤቴ እስከ ሁለተኛው መስመር አንብባ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ረቂቅ ያንን ሐረግ «የነፋሳት መገናኛ ቀጠና» ብሎ ተረጎመው፤ ይህም ቃሉን ከማያውቀው ሰው ላይ ጭነቱን አላነሣለትም።

ሦስተኛው እንዲህ ወጣ፦ «በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትወጣለች፤ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ መቀነትም እየተከተላት ከእኛ በላይ ይደርሳል። ነፋሳቱ እርጥበት የሚሸከሙት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ እንዲሁም ከአትላንቲክ ተነሥተው የኮንጎን ደን ተሻግረው ሲመጡ ነው። እዚህ ሲደርሱ ተራራ ይገጥማቸውና ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ላይ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር እርጥበቱን መያዝ አይችልም። የሚፈላ ድስት ክዳን ሲነሣ ከሥሩ የተንጠለጠለው ጠብታ በዚሁ መንገድ የተፈጠረ ነው።» የድስቱ ክዳን ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ እንፋሎቱ የሚቀዘቅዘው ክዳኑን ነክቶ እንጂ እንደ ደመና ከፍ በማለት ብቻ አይደለም። ቢሆንም ተውሁት፤ ልዩነቱን ጠይቆ የሚመጣ ሰው ካለ አስረዳዋለሁ።

ሐምሌ 7

ከባድ ስሕተት ተገኘ። ለንጽጽር ሁለተኛ መለኪያ ልሠራ ተመሳሳይ ኢምቡቶ ገዝቼ አፉን ስለካ ሜትሩ ከውስጥ በኩል አረፈና 15.4 ሳንቲ ሜትር አነበብሁ። የመጀመሪያውን መልሼ ስለካው እርሱም ያው ነው። የኢምቡቶው ከንፈር ወደ ውጭ የተጠቀለለ በመሆኑ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ እኔ በግንቦት የለካሁት ከውጭ እስከ ውጭ ነበር። በከንፈሩ ላይ የሚያርፈው ዝናብ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይፈሳል። ትክክለኛው ስፋት 186 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚሰጠው 18.6 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 1.07 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እስከ ዛሬ የለጠፍሁት ሁሉ ከመቶ 7 ያህል አንሷል። የሰኔ ድምር 58 ያልሁት 62 ይሆናል። ከበርሜሉ ሊገኝ ይገባ ነበር ያልነው 140 ሊትርም ወደ 150 ሊትር ከፍ ስለሚል ከመቶ 84 የተባለው ከመቶ 79 ሆነ።

ማንም የማያውቀውን ስሕተት ለማን እናገራለሁ የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም ብል ዋሽቻለሁ። ዞሮ ዞሮ እርማቱን ከሳምንቱ ቁጥር እኩል በሆነ ፊደል ጻፍሁት፤ የኢምቡቶውን ሥዕል ጨምሬ፣ የተሳሳተውን መስመር በቀይ፣ ትክክለኛውን በጥቁር አድርጌ ለጠፍሁ። ከፊቱ ከሌሎቹ ጽሑፎች ሁሉ የሚበልጥ ሰው ቆመ። አንድ አናጢ «እኛም በር ስንለካ ይህ ነው የሚያጣላን» ብሎ ከውስጥና ከውጭ መለካት በሥራው ላይ ስንት ጊዜ ጣውላ እንዳበላሸበት ለተሰለፈው ሁሉ ሲያስረዳ ሰማሁ፤ ከእኔ የተሻለ አስረድቷል።

ሐምሌ 11

በየቀኑ «ነገ ይዘንባል ወይ?» ተብዬ እጠየቃለሁ። በሰሌዳው ግርጌ «ይህ ሰሌዳ የወረደውን ይለካል እንጂ የሚመጣውን አይተነብይም፤ ትንበያ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው» የሚል ቋሚ ጽሑፍ አኖርሁ። ስለ ኤልኒኖ አንድ አንቀጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ በሚሞቅባቸው ዓመታት የክረምት ዝናባችን የማነስ ዝንባሌ እንዳለው፣ የ2007 ዓ.ም. ክረምትም ከእነዚህ አንዱ እንደነበር የሚገልጽ። ነገር ግን የአንድ ግቢ የአንድ ክረምት ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ «ዘንድሮስ?» የሚል መልስ የሌለኝን ጥያቄ ስለሚጋብዝ አቆየሁት።

ሐምሌ 18

ይህን ሳምንት ያሳለፍሁት በቃላት ላይ ነው። ሐሳቤ ሰው የሚያውቃቸውን የዝናብ ስሞች ከሚሊ ሜትር ጋር አጣምሮ ሠንጠረዥ መሥራት ነበር፦ ካፊያ ከዚህ እስከዚህ፣ ዶፍ ከዚህ በላይ እያልሁ። በሰልፉ ላይ እየጠየቅሁ ካፊያ፣ እኝኝ፣ ዶፍ፣ ውሽንፍር፣ ወጨፎ የሚሉትን መዘገብሁ። ጠፈጠፍ ያለችም ነበረች፤ ጠፈጠፍ ግን ከጣሪያ ጠርዝ የሚንጠባጠበው ስለሆነ እንደ ዝናብ ዓይነት አልቆጠርሁትም፤ እርሷም ክርክሬን አልተቀበለችም።

ሠንጠረዡ በሦስት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የወረደው፣ ሁሉም ሰው አንድ ሆኖ ዶፍ ያለው፣ በ20 ደቂቃ 12 ሚሊ ሜትር ሰጠ። ሐሙስ ሌሊት ድምፁ እንኳ ሳይሰማ እኝኝ ሲል ያደረው ግን ጠዋት በሲሪንጅ ስቀዳው 21 ሚሊ ሜትር ሆነ። እጄን እስኪያመኝ ስቀዳ ተሳስቼ እንዳይሆን ውሃውን ወደ ጠርሙሱ መልሼ እንደገና ለካሁት፤ ያው ነው። ስሞቹ የውሃውን መጠን አይናገሩም፤ የሚናገሩት አወራረዱን ነው። ዶፍ ፍጥነትን፣ እኝኝ አለማባራትን፣ ወጨፎ ደግሞ ነፋስ አግድሞ በደጃፍ ማስገባቱን ይገልጻል። የእኔ ጠርሙስ ይህን አንዱንም አያውቅም፤ የሌሊቱንና የቀኑን፣ የሚያጥበውንና የሚያሰርገውን በአንድ ላይ አደባልቆ ድምር ብቻ ይሰጠኛል። ገበሬው ግን መጠየቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ውሃው ገባ ወይስ ሄደ?

ስለዚህ መዝገቡን ቀየርሁት። አሁን በእያንዳንዱ ዝናብ አንጻር መጠኑ፣ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት፣ ከዚያም ሰው የሰጠው ስም ይጻፋል። ስሙን የምጽፈው በራሴ ፍርድ ሳይሆን ጠዋት ሰልፉ ላይ ላገኘኋቸው የመጀመሪያ ሦስት ሰዎች «የትላንቱ ምን ነበር?» ብዬ ጠይቄ ሁለቱ የተስማሙበትን ነው።

ስለ ወጨፎ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛውን መለኪያ ሆን ብዬ ከግንቡ ሥር ተክዬው ነበር። ቅዳሜ ነፋስ አግድሞ ሲወቃ ሜዳ ያለው 19፣ ከግንቡ ሥር ያለው 14 ሚሊ ሜትር አነበቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን በሥዕል ለጥፌ ቦታ መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዳሁበት፤ በሰኔ የለፋሁት ልፋት አሁን ጽሑፍ ሆኖ ወጣ።

ሐምሌ 25

በረዶ ጣለ። ፍሬው የሽንብራ ያህል ነበር፤ በኢምቡቶው ጎን ላይ እየነጠረ ሲወጣ በመስኮት እያየሁ ምንም ላደርግ አልቻልሁም። ኢምቡቶው ጎድጓዳ ስላልሆነ ለበረዶ አይሆንም። ሲያባራ ከዱቄት ወተት ጣሳ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀለበት ቆርጬ በከንፈሩ ውስጥ በሲሊኮን አጣበቅሁ፤ አዲስ ሲሊኮን 280 ብር። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ስለገባ አፉ እንደገና ጠበበ ማለት ነው፤ ከሐምሌ 7 ስለተማርሁ በውስጥ በኩል ለክቼ 14.9 ሳንቲ ሜትር አገኘሁ፤ 1 ሚሊ ሜትር 17.4 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሁለተኛውን መለኪያም በዚሁ አኳኋን ማድረግ ነበረብኝ፤ ጣሳ ግን አልተረፈኝም።

በኢምቡቶው ውስጥ የቀረውን በረዶ ለማቅለጥ 40 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ለክቼ ጨመርሁና ከድምሩ ቀነስሁ። ንባቡ ግን ከእውነተኛው እንደሚያንስ በመዝገቡ ላይ «በረዶ ነጥሮ ወጥቷል» ተብሎ ተጽፏል።

ነሐሴ 4

በሰሌዳው ሥር ትንሽ መደርደሪያ ሠርቼ ሁለት የማርማላታ ብርጭቆዎች አኖርሁ። አንደኛው ከታረሰ ማሳ፣ ሁለተኛው ከሣር መስክ የወረደ ጎርፍ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዝናብ ከከተማው ዳር የተቀዱ ናቸው። ስሰቅላቸው ሁለቱም ድፍርስ ነበሩ። በማግሥቱ የመስኩ ጠርቶ ታቹ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ደለል ብቻ ቀረ፤ የማሳው ግን ጣት የሚያህል ጥቁር ጭቃ አስቀምጦ ላዩም አልጠራም። ጽሑፉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ውሃ ወደ በሬሳ ይገባል። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ አባይ ይሄዳል። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋዎች ነው።» አፈሩን አልጠቀስሁም፤ ብርጭቆው እዚያው ነው።

ብርጭቆዎቹ በአምስተኛው ቀን ተወሰዱ። ብርጭቆ ለሰው ይጠቅማል። በሃይላንድ ተካኋቸው።

ነሐሴ 21

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን በነሐሴ 13 ሰሌዳው ላይ ጽፌ «እስቲ እንለካው» የሚል ጨምሬ ነበር። ከቡሄ በፊት የነበሩት ሰባት ቀናት 68 ሚሊ ሜትር፣ ከቡሄ በኋላ ያሉት ሰባት ቀናት 41 ሚሊ ሜትር ሰጡ። ቀንሷል፤ «የለም» ለማለት ግን 41 ሚሊ ሜትር ብዙ ነው። ይህንኑ ትንሽ በኩራት ለጠፍሁ።

አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ተረቱን በጠርሙስ ለካኸው» አሉኝ። «ቡሄ ማለት ብራ ማለት ነው። የሚያልፈው ጨለማው ነው እንጂ ዝናቡ መች አለ? እስከ መስቀል ይዘንባል፤ ግን ይዘንብና ፀሐይ ይወጣል።» መልስ አልነበረኝም። ተረቱ ስለ ደመና ከሆነ መለካት ያለበት ፀሐይ የምትታይበት ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ የፀሐይ መዝገብ አልያዝሁም። ከዛሬ ጀምሮ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት የመለኪያው አጣና ጥላ መሬት ላይ ይታይ እንደሆነ «አለ» ወይም «የለም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ዋጋው ምንም ነው። ከቡሄ በፊት ያለው ግን አምልጦኛል፤ ንጽጽሩ ለከርሞ ይቆይ። የአባትን አስተያየት በሰሌዳው ላይ ከእኔ ቁጥር ሥር አስፍሬዋለሁ።

ጳጉሜን 4

ትላንት ሩፋኤል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደጀመረ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው ሜዳው ላይ ወጡ፤ እናቶችም ጎድጓዳ ሳህንና ባልዲ ከደጅ አኖሩ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ አባራ። አንዲት ጎረቤቴ እናት በእጃቸው ጣሳ ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ከዚያ ከምትለካው ቅዳልኝ» አሉ። «የእኔ ከቆርቆሮ የወረደ ነው፤ ዝገት ነክቶታል። ያንተ ከሰማይ በቀጥታ የገባ ነው።»

ንባቡ ሊደረግ የቀረው አሥራ ስድስት ሰዓት ነው፤ ጠርሙሱ አሁን ከተነካ የቀኑ ድምር ይበላሻል ብዬ ላስረዳቸው ጀመርሁና መሐል ላይ ራሴ ሰማሁት። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ለክቼ ልስጥዎት» አልኋቸው። ጠርሙሱን አውጥቼ በሲሪንጅ ቀዳሁ፤ አራት ሙሉና 7 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 87 ሚሊ ሊትር፤ 5 ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱን ሲሪንጅ ወደ ጣሳቸው ስገፋው ይቆጥሩልኝ ነበር። የመጨረሻዋን ጠብታ እንኳ ከሲሪንጁ አራግፈው ወሰዱ። «ለሊጡ ነው» አሉ፤ «ይበቃኛል።»

ሌሊቱን ጥቂት አካፍቷል። ዛሬ ጠዋት በ3 ሰዓት ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው 28 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በመዝገቡ ላይ የሩፋኤል ቀን ድምር 6.6 ሚሊ ሜትር፤ ዓይነት፦ ዶፍ፣ ኋላም ካፊያ፤ ምርመራ፦ «87 ሚሊ ሊትሩ በ11 ሰዓት ተለክቶ ለሊጥ ተሰጥቷል።»